ክረምት ሳይገባ ቤትን በገዛ እጅ ስለ መጠገን

በደጋው ጎጃም የሚኖር ቤተ ሰብ ሁሉ የክረምት ውሃ ምን ያህል ኀይል እንዳለው ያውቃልና፣ ይህን ለደብረ ማርቆስና ላካባቢዋ አንባቢዎቻችን ማስረዳት አያሻንም። ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ይህች ከተማ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች፣ ከጮቄ ተራራ ወገን የሚነሣው ደመና አይስታትም። በዓመት የሚጥልባት ዝናብ 1,300 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ የሚበዛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይወርዳል። ይህ ቍጥር በወረቀት ላይ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱም 5 ሜትር የሆነ ጣራ ያለው ባለ ቤት ሒሳቡን ቢሠራ፣ በዓመት 52,000 ሊትር ውሃ በጣራው ላይ እንደሚወርድ ያገኘዋል። ይህም ውሃ ሁሉ ከክፈፉ ላይ ተንጠባጥቦ፣ በግድግዳው እግር አጠገብ ባለው ጠባብ መሥመር ላይ ይወድቃል።

የእንጨትና የጭቃ ቤት ደካማ ነው እየተባለ ሲነገር ብዙ ጊዜ እንሰማለን፤ እኛ ግን ይህን አሳብ አንቀበለውም። በጣና ዳር በዘጌ የሚገኘውን የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው፣ እነዚያ የታወቁ ሥዕሎች የሚታዩበት የመቅደስ ግድግዳ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ሆኖ ስንት ዘመን እንደ ቆየ ይመሰክራል። ይህን ያቆየው ጣራው እንደ ጃንጥላ ሰፍቶ ወደ ውጭ መውረዱና፣ በዙሪያው ያለው ቅኔ ማኅሌት ዝናቡን ከመቅደሱ ማራቁ ነው። ጭቃ ቤትን የሚገድለው ውሃ ነው፤ ውሃውም የሚገባበት በር ሁለት ነው፤ አንዱ በራሱ፣ ሁለተኛው በእግሩ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በደብረ ማርቆስ ዳርቻ ባንድ ቤት የሆነውን እናስታውሳለን። ሦስት ልጆች ያሏቸው አንዲት እናት፣ በነሐሴ ወር ባንድ ሌሊት፣ ጣራው በልጆቹ መኝታ ላይ ቢያንጠባጥብባቸው፣ ቁርበቱን ከጓዳው ግድግዳ አንሥተው ልጆቹን ወደ ምድጃው አጠገብ አዛወሯቸው። ዶሮ ሳይጮኽ ያ ግድግዳ ወደ ውስጥ ተደርምሶ፣ ልጆቹ ቀድሞ ተኝተውበት በነበረው ስፍራ ላይ ወደቀ። በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም፤ ጤፍ የነበረበት ጎታ ግን ተሰብሮ፣ ከእህሉ የሚበዛው በጭቃ ተለውሶ ቀረ።

ግድግዳው ከሰኔ ጀምሮ ምልክት ሲሰጥ ነበር። ከመሬት እስከ ጕልበት ድረስ ያለው ልስን ጠቁሮ፣ ቦታ ቦታውን ተልጦ፣ ውስጡ ያለው እንጨት እንደ ረጠበ ዳቦ ለጣት የሚለሰልስ ሆኖ ነበር። በጥር ወር ቤቱን እንደ ገና ለማቆም ሊረዱ የመጡት ጎረቤት ገበሬ፣ ዶማቸውን አስቀምጠው ዙሪያውን ካዩ በኋላ እንዲህ አሉ፤ «እትዬ፣ ይህን ቤት የጣለው ዝናብ አይምሰልዎ። ከላይ ካለው ሜዳ የሚወርደው ጎርፍ መሄጃ አጥቶ እግሩን ሲበላው ከርሟል። እኔ ለጤፍ ማሳዬ ፈሰስ ሳላወጣ ሰኔን አላሳልፍም፤ ለቤትዎ ግን አንድ ፈሰስ የለዎትም።» እሳቸውም «አያ፣ ፈሰስ የእርሻ እንጂ የቤት መሆኑን ማን ነግሮኝ» ብለው መለሱ።

እኛም ነገሩን ከዚሁ እንጀምራለን። ግድግዳ ከመመረጉ አስቀድሞ ውሃው መንገድ ሊያገኝ ይገባዋል። ቤቱ በተዳፋት ላይ ያለ እንደ ሆነ፣ ከላይኛው ወገን ከግድግዳው አንድ ሜትር ወይም ከዚያ የሚበልጥ ርቆ፣ ጥልቀቱ አንድ ክንድ የሚያህል ቦይ ይቈፈር፤ ውሃውም በሁለቱ ጐን ዞሮ ወደ ታች እንዲወርድ መውጫ ይደረግለት። መውጫው ወደ ጎረቤት ግቢ ወይም ወደ ውሃ ጕድጓድ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ በዚህ ምክንያት የተነሣ ጠብ ስንቱን ዘመድ እንዳለያየ የምናውቀው ነውና። ከቦዩ የወጣው አፈር በግድግዳው እግር ዙሪያ ተደልድሎ ይጠቅጠቅ፤ ነገር ግን ወደ ውጭ የሚያዘነብል መሆን አለበት። ክፈፉ በሚያንጠባጥብበት መሥመር ላይ ድንጋይ ቢደረደር ደግሞ ጠብታው ጭቃ እያነሣ ግድግዳውን አይረጨውም። ይህ ሁሉ የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ የሚጠይቀውም ዶማና ጕልበት ብቻ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የጭቃው ነገር ይመጣል። ጭቃ ማቡካት ማንም የሚችለው ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን ከሚፈርሱት ልስኖች አብዛኞቹ የሚፈርሱት በአቦካኩ ነው። መጀመሪያ አፈሩን መምረጥ ይገባል። ጥቁሩ የዋልካ አፈር ሲረጥብ አብጦ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ በመሆኑ ለብቻው ለግድግዳ አይሆንም፤ ቀዩ አፈር ይሻላል። የተጠራጠረ ሰው ከአፈሩ ጥቂት በውሃ ለውሶ እንደ ትንሽ ቂጣ ጠፍጥፎ ሦስት ቀን በጥላ ያድርቀው። ቂጣው ከተሰነጠቀ አሸዋ ወይም ጭድ ይጨመርበት፤ በጣት ሲነኩት እንደ ዱቄት የሚረግፍ ከሆነ ግን ሌላ አፈር መፈለግ ነው።

አፈሩ ከተመረጠ በኋላ ከጤፍ ጭድ ጋራ በጕድጓድ ውስጥ በውሃ ይራስና በእግር ይረገጥ። ከዚያም ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ጊዜ ያለውም ከዚያ የሚበልጥ፣ እንዳይደርቅ ውሃ እየጨመረ በሁለትና በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ደግሞ እየረገጠ ያቆየው። ጭዱ እየበሰበሰ ጭቃው ሲብላላ ሽታው ይከፋል፤ እመቤቶችም በዚህ ይማረራሉ። ነገር ግን ያ ሽታ ጭቃው እየተያያዘና እየለዘበ መሄዱን የሚያስታውቅ ነው። ሳይብላላ በችኰላ የተመረገ ጭቃ በመጀመሪያው ክረምት ሲረግፍ የምናየው ስለዚህ ነው።

የፈረሰውን ቦታ ሲጠግኑ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ዐዲሱን ጭቃ በደረቁ አሮጌ ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል። ደረቁ ግድግዳ የዐዲሱን ጭቃ ውሃ ባንድ ጊዜ ይመጠዋልና፣ ጭቃው ሳይያያዝ ደርቆ እንደ ቅርፊት ተላቆ ይወድቃል። ስለዚህ የላላው ሁሉ እስከ ጠንካራው ድረስ ተፍቆ ይነሣ፤ ቀጥሎም ውሃ ይረጭበትና እርጥበቱ ሳይለቅ ይመረግ። ባንድ ጊዜ የሚመረገው ውፍረት ከአውራ ጣት አይብለጥ። ወፍራም ጭቃ ላዩ ደርቆ ውስጡ ስለሚረጥብ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው ምርግ ለስላሳ ሳይሆን ሻካራ ሆኖ ይቅር፤ በጣትም ይጫር፤ ሁለተኛው ልስን እንዲይዘው። በመጨረሻ በደቀቀ አፈር የተለወሰ እበት ይለቅለቅበታል፤ ወለሉም በዚሁ ዐይነት ይለቀለቃል። ጭዱ ከአውድማ ከሚገባበት ከጥር ጀምሮ እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ለዚህ ሥራ ይስማማል። በግንቦት የሚጀምር ሰው ሳይደርቅለት ዝናብ እንዳይቀድመው መፍጠን አለበት።

በዚህ ዘመን ብዙ ባለ ቤቶች ጭቃውን እንዲያጠነክርላቸው ሲሉ ሲሚንቶ ይለስኑበታል። ይህን ሥራ አንወደውም። ሲሚንቶ ጠንካራ ነው፤ ጭቃ ግን በእርጥበትና በድርቀት የሚያብጥና የሚሸበሸብ ነውና፣ ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውሃ ከኋላው ተዘግቶ ይቀራል፤ ከውጭ ግድግዳው ያማረ መስሎ ሲታይ ከውስጥ እንጨቱ ይበሰብሳል። ሲሚንቶ መግዛት የቻለ ሰው ገንዘቡን በድንጋይ መሠረቱ ላይ ቢያውለው የበለጠ ይጠቀማል።

ስለ እንጨቱም ጥቂት እንበል። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ቶሎ ስለሚያድግ የደጋው ቤት ሁሉ እንጨት ሆኗል። ቢሆንም እንደ ጥድና እንደ ወይራ መሬት ውስጥ አይቆይም፤ የሚበሰብሰውም አየርና እርጥበት በሚገናኙበት በመሬቱ አፍ ላይ ነው። እግሩ የበሰበሰ የግድግዳ እንጨት የተገኘ እንደ ሆነ፣ ሁሉንም ባንድ ቀን መንቀል ትልቅ አደጋ ያመጣል። በጊዜው አንድ ብቻ ይነካ፤ የበሰበሰው እግር ተቈርጦ፣ ዐዲስ እንጨት በድንጋይ ላይ ቆሞ፣ ከደኅናው ክፍል ጋራ ሁለት ክንድ ያህል ተደራርቦ በሽቦ ይታሰር። ጣራውን የተሸከመው ምሰሶ ወይም ወጋግራው የተበላሸ ከሆነ ግን ይህ ለባለ ቤቱ የሚተው ሥራ አይደለምና ዐናጢ ይጠራ።

ወደ ራሱ ስንመጣ፣ የሣር ክዳን ያለው ሰው የጎደጎደውን ስፍራ ይመልከት፤ ውሃ የሚቆመው በዚያ ነውና፣ የበሰበሰው ሣር ተነቅሎ ዐዲሱ ከታች ወደ ላይ እየተደራረበ ይግባበት። ቆርቆሮ ግን ሌላ ዘዴ ይፈልጋል። ብረትን እንደ ሞገድ አጣጥፎ ለጣራ ማድረግን ሄንሪ ፓልመር የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1829 እ.ኤ.አ. አወጣው፤ መታጠፉም ቀጭኑን ብረት እንዲጠነክር አደረገው። ውሃ የሚሄደው በሞገዱ ሸለቆ ውስጥ ስለ ሆነ፣ ምስማር የሚመታው ዘወትር በጕብታው ላይ ነው። በሸለቆው ላይ የተመታ ምስማር ያለበት ቤት ሁልጊዜ ያፈሳል፤ ማንም ቢጠግነው አይድንም፤ ቀዳዳው ተደፍኖ ምስማሩ ወደ ጕብታው እስኪዛወር ድረስ።

የሚያፈስበትን ለማግኘት በጠራ ቀን መዝጊያና መስኮት ተዘግቶ በጨለማ ወደ ላይ ይታይ፤ ቀዳዳው ሁሉ እንደ ኮከብ ይበራል። ከውስጥ ስንደዶ ቢሾልክበት በላይ ያለው ሰው ቦታውን ያለ ችግር ያውቀዋል። ውሃው የሚንጠባጠብበት ስፍራ ብቻ ግን ምልክት አይሆንም፤ ብዙ ጊዜ ጠብታው ከላይ ገብቶ በእንጨቱ ላይ ሲሄድ ቆይቶ ታች ይወርዳልና። የላላ ምስማር በመዶሻ እንደ ገና ቢመታ አይጠብቅም፤ ይነቀልና ወፍራም ምስማር ከአሮጌ ጎማ ላስቲክ ከተቈረጠ ክብ ጋራ ይመታበት። ትንሽ ቀዳዳ ዝገቱ ተፍቆ፣ ካትራሜ ተቀብቶ፣ ጨርቅ ተለጥፎበት፣ በላዩ እንደ ገና ካትራሜ ቢቀባ ይደፈናል። ነፋስ እንዳያነሣው ተብሎ በቆርቆሮው ላይ የሚጫነው ድንጋይ ሥሩ እርጥበት እየያዘ ዝገት ያመጣልና በምስማር ቢተካ መልካም ነው።

በጣራ ላይ የሚወጣ ሰው ግን ብቻውን አይውጣ፤ የሚረግጠውም ሥሩ እንጨት ባለበት በምስማሮቹ ረድፍ ላይ ይሁን። ከሁሉ ይልቅ የመብራት ሽቦ ባለበት ቤት፣ ሽቦው ቆርቆሮውን ነክቶ እንደ ሆነ ወይም ልባሱ ተልጦ እንደ ሆነ፣ መሰላሉ አይቁም፤ ሥራውም ለመብራት ሠራተኛ ይተው። ርጥብ እጅና ርጥብ ቆርቆሮ ሰውን የሚገድሉ መሆናቸውን ለልጆችም መንገር ይገባል።

የመዝጊያን ነገር በአጭሩ እናልፈዋለን። በነሐሴ እንቢ ያለ መዝጊያ እርጥበት ጠጥቶ ያበጠ ነውና መላጊያ አይንካው፤ በዚያ ወር የተላገ መዝጊያ በጥር ሲደርቅ ነፋስ ያስገባል። የሚነካበት ቦታ በከሰል ምልክት ተደርጎበት፣ በበጋ ተመልሶ ይታይ። የላላ ብሎን ቀዳዳው ውስጥ የእንጨት ስንጥር ተጠቅጥቆ ቢመለስ ይይዛል፤ የሚጮኸው ማጠፊያም ሻማ ወይም ሞራ ቢቀባ ዝም ይላል።

የእነዚያ እናት ቤት በሚቀጥለው ክረምት ቆሞ ነበር። በነሐሴ ባንድ ከሰዓት በኋላ በዚያ ስናልፍ፣ እርሳቸው ራሳቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ ዶማቸውን ይዘው፣ በፈሰሱ ውስጥ የተከማቸውን የባሕር ዛፍ ቅጠል ሲያወጡ አየናቸው። ትልቁ ልጅ ከታች ቆሞ ውሃው ሲያልፍ «መጣ! መጣ!» እያለ ይጮኽ ነበር።