የአባቷን መቃብር ያሠራች ሴት ልጅ

የአባትን መቃብር ማሠራት የወንድ ልጅ ወግ ነው ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። ከአንኮበር የተነሣው የሸዋ ነገሥታት ቤተሰብ ታሪክ ግን ሌላ ይመሰክራል።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1840 ዓ.ም. ሲሞቱ ልጃቸው ኃይለ መለኮት ነገሡ። እርሳቸውም የዓፄ ቴዎድሮስ ጦር ሸዋ በገባ ጊዜ፣ በ1848 ዓ.ም.፣ ታመው ሞቱና በደብረ ብርሃን ተቀበሩ። ልጃቸው ምኒልክ ያን ጊዜ የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ። ወደ መቅደላ ተወስደው እስከ 1857 ዓ.ም. ድረስ ከአባታቸው መቃብር ርቀው አደጉ።

ምኒልክ ራሳቸው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ በይፋ አልተነገረም። አስከሬናቸውም በቤተ መንግሥቱ ግቢ ለዓመታት ቆየ። ለተራ ሰው እንኳ የማይቀረው የአደባባይ ለቅሶ ለንጉሠ ነገሥቱ በጊዜው ሳይደረግ ቀረ።

ይህን የቤተሰብ ዕዳ የከፈሉት ሴት ልጃቸው ናቸው። በ1909 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት ንግሥት ዘውዲቱ፣ በቤተ መንግሥቱ አጠገብ የታዕካ ነገሥት በአታ ለማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው አባታቸውን በዚያ አሳረፉ። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ባለው ክፍል ውስጥ ምኒልክ በመካከል፣ በ1910 ዓ.ም. ያረፉት እቴጌ ጣይቱና በ1922 ዓ.ም. ያረፉት ንግሥት ዘውዲቱ ደግሞ በግራና በቀኝ ይገኛሉ። ጣይቱ ለዘውዲቱ የእንጀራ እናት ነበሩ፤ መቃብሩ ግን ሁለቱንም የአንድ ቤት ሰዎች አድርጎ ይዟቸዋል።

በዚያው ስፍራ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴም ተቀብረዋል። ከሣህለ ሥላሴ ጋር የሚያዛምዳቸው የንጉሡ ሴት ልጅ፣ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ናቸው። ልዕልቲቱ በስደት ዘመን ለንደን ውስጥ ነርስነት ተምረው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1934 ዓ.ም. ግን ገና በ22 ዓመታቸው በወሊድ ምክንያት ሕይወታቸው አለፈ። ነርስ መሆንም ሆነ የንጉሥ ልጅ መሆን ከወሊድ አደጋ አላዳናቸውም። በኋላ በአዲስ አበባ በስማቸው ሆስፒታል ተሠርቶላቸዋል።

በዚህ የቤተሰብ መቃብር የሌሉም አሉ። ምኒልክን አንጎለላ ላይ የወለዱት ወይዘሮ እጅጋየሁ ከልጃቸው ጎን አላረፉም። ትውልድ ሲቆጠር አባትና አያት በስም ይጠራሉ፤ እናት ግን ብዙ ጊዜ ትዘለላለች።

እናቶች ሆይ! የእኛ ዘመዶች መቃብር እብነ በረድ ላይኖረው ይችላል። ዳሩ ግን አያት ቅድመ አያት የት ደብር፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ ከማን አጠገብ እንደተቀበሩ የሚያውቁ አረጋውያን በየቤታችን አሉ። በሚቀጥለው ሙት ዓመት ዘመድ ሲሰበሰብ እንጠይቃቸው፤ በደብተርም እንጻፈው። ስንጽፍም የእናቶችን ስም አንዝለል።