ሊማሊሞን በብስክሌት፦ ከመውረዳችሁ በፊት መውጫውን አስቡ

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲገለጥ "ከጓደኞቼ ጋር የአንድ ቀን የሳይክል ጉዞ አስበናል፤ ስፖርተኛ ግን አይደለሁም። እችለዋለሁ?" የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ይበዛል። መልሴ አጭር ነው፦ አብዛኞቻችሁ ትችላላችሁ፣ በደንብ ካቀዳችሁት።

ዛሬ የምናቅደው ከዳባት ተነስቶ በደባርቅ በኩል እስከ ሊማሊሞ አፋፍ ያለውን ጉዞ ነው። የባሕር ዳርቻ ባይኖረንም የደጋ ዳርቻ አለን፤ እሱም ሊማሊሞ ነው።

▪️ መንገዱ

ከዳባት እስከ ደባርቅ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ግራና ቀኙ የገብስ ማሳና የከብት ግጦሽ ነው። ዳገትና ሜዳ ይፈራረቁበታል፤ በጥቅሉ ግን ወደ ላይ ነው የሚወስዳችሁ። ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መግቢያ ናት፤ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,850 ሜትር ትገኛለች። ከከተማዋ በስተሰሜን ጥቂት እንደተጓዛችሁ ደጋው በአንዴ ያልቅና ሊማሊሞ ይጀምራል። ጣሊያን በወረራው ዘመን (1928-1933 ዓ.ም.) ገደሉን እየፈለጠ የሠራው ጠመዝማዛ መንገድ በዛሪማ በኩል ወደ ቆላው ይወርዳል።

እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄው። በሌላ ተራራ መጀመሪያ ትወጣላችሁ፣ ሲደክማችሁ ትመለሳላችሁ። ሊማሊሞ ላይ ግን ቁልቁለቱ ይቀድማል፤ ዳገቱ የሚጠብቃችሁ ጉልበታችሁ ካለቀ በኋላ ነው። በ20 ደቂቃ የወረዳችሁትን ለመውጣት አንድ ሰዓት ተኩል ሊፈጅባችሁ ይችላል። ስለዚህ ለጀማሪ የምመክረው፦ አፋፉ ላይ ቁሙ፣ እዩ፣ ፎቶ አንሱ፣ ተመለሱ። ካላስቻላችሁ በሰዓት ለክታችሁ 10 ደቂቃ ብቻ ውረዱ። ከዚያ በላይ መውረድ የሚፈልግ ከታች የሚጭነው መኪና ያዘጋጅ።

▪️ "መካከለኛ" ስንል

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። መካከለኛ መሆኑን ለማወቅ ሰዓትም መተግበሪያም አያስፈልግም፤ አፋችሁ ይበቃል። እየነዳችሁ ከጓደኛችሁ ጋር ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ፣ መካከለኛ ላይ ናችሁ። ሁለት ቃል ተናግራችሁ ትንፋሽ ካጠራችሁ በዝቷል፤ ማርሽ ቀንሱ። ዳገት ላይ ወርዶ ሳይክል መግፋት ነውር የለውም፣ እሱም እንቅስቃሴ ነው።

ከጉዞው ቀደም ብሎ ለአራት ሳምንት ያህል በሳምንት ሦስት ቀን ንዱ። ከ30 ደቂቃ ጀምራችሁ እስከ ሁለት ሰዓት አድርሱት። ዓመቱን ሙሉ ወንበር ላይ የዋለ ጉልበት በአንድ ቅዳሜ አይለመድም።

▪️ ከፍታው

ደባርቅ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታስገቡት ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ከሚገኘው ሩብ ያህል ያንሳል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ብዙም ላይሰማው ይችላል። ከሁመራ፣ ከድሬዳዋ ወይም ከውጭ አገር በቀጥታ የመጣ ግን ቶሎ ይደክመዋል። ከ2,500 ሜትር በላይ የከፍታ ሕመም ሊያጋጥም ይችላል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣት ምልክቶቹ ናቸው። ዘዴው ቀላል ነው፦ ቀደም ብላችሁ ሂዱና አንድ ወይም ሁለት ሌሊት እዚያው እደሩ፤ ምልክት ከታየባችሁ ደግሞ አትንዱ፣ እረፉ። ቁጭ ብሎ እያለ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ የሚዘባርቅ ወይም ሲራመድ የሚንገዳገድ ሰው ካለ ሳትዘገዩ ወደ ዝቅተኛ ቦታ አውርዱት፣ ሕክምናም አድርሱት።

ብርዱ አያታላችሁ፤ ፀሐይዋ ታቃጥላለች። በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ መነጽርና ረጅም እጅጌ ያዙ።

▪️ ፍሬንና ሄልሜት

ከመነሳታችሁ በፊት ሁለቱንም ፍሬን፣ ጎማውንና ካቴናውን መካኒክ ይያቸው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዞ መቆየት ያግለዋል፤ ያዝ ለቀቅ አድርጉ፣ አልፎ አልፎም ቆማችሁ ይቀዝቅዝ። ከኩርባው በፊት ፍጥነት ቀንሱ፣ ኩርባው ውስጥ አይደለም። መንገዱ ወደ ሽሬ የሚያልፉ የጭነት መኪናዎች መንገድም ነው፤ ቀኛችሁን ይዛችሁ፣ አንድ በአንድ ተሰልፋችሁ ንዱ። ጉም ከወረደ ቁሙ።

ሄልሜት የከባድ ጭንቅላት ጉዳትን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ ጥናቶች ያሳያሉ። ከቅንድባችሁ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ማሰሪያውም ይጥበቅ። ወድቆ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ራሱን ከሳተ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ግራ ከተጋባ፣ ወይም ከጆሮውና ከአፍንጫው ፈሳሽ ከወጣ "ደህና ነኝ" ቢል እንኳ ሆስፒታል ይሂድ።

▪️ ስንቅ

ጠዋት ሳትበሉ አትነሱ። ለመንገድ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦና ሙዝ ከብዙ የታሸገ ነገር ይሻላሉ። በጾምም ወቅት ቢሆን እነዚህ የጾም ናቸው፤ እስከ ከሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ግን ጉዞውን ለሌላ ቀን አድርጉት። ውሃ በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር አስቡ። የምንጭ ውሃ ጥርት ቢልም ሳይፈላ ወይም ሳይታከም አይጠጣ። ጠላና አረቄው ከጉዞው በኋላ ይደርሳል።

▪️ ውሻ ቢያባርራችሁስ?

ይሄ ገጠር ላይ ሳይክል የነዳ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ስትሮጡ ውሻውም ይሮጣል። ፍጥነት ቀንሱ፣ ውረዱ፣ ሳይክሉን በመካከላችሁ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ራቁ። ከነከሳችሁ ግን ነገሩ ጨዋታ አይደለም፤ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል፤ በጊዜ የተወሰደ ክትባት ግን ያድናል። "መጀመሪያ የባህል መድኃኒት ልሞክር" ብላችሁ ቀን አታሳልፉ።

ጭላዳዎችንም ከሩቅ እዩ። ምግብ አትስጧቸው፤ ለእናንተም ለእነሱም ጥሩ አይደለም።

▪️ መጀመሪያ ሐኪም ማማከር ያለባቸው

👉 የልብ ሕመም ያለበት፣ ወይም ሲንቀሳቀስ ደረቱን የሚያመው፣ ራሱን የሚስተው
👉 ግፊቱ ከ160/100 በላይ የሆነ
👉 ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም የስኳር ኪኒን የሚወስድ
👉 በቅርቡ የተባባሰ አስም ወይም የደም ማነስ ያለበት
👉 ነፍሰ ጡር

ስኳር ያለባችሁ ከመነሳታችሁ በፊትና በየእረፍቱ ለኩ። ከ70 በታች ከሆነ ቁሙና ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግማችሁ ለኩ። ስኳሩ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን፣ መኪናው ውስጥ አይደለም።

▪️ የቀኑ ፕሮግራም

ጊዜው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ቢሆን ይመረጣል። ዳባት አድራችሁ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ተነሱ። በየ45 ደቂቃው እያረፋችሁ 5 ሰዓት አካባቢ ደባርቅ ትገባላችሁ። ምሳ ብሉ፣ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጡ፣ ከዚያ ወደ አፋፉ። የትም ብትሆኑ 8 ሰዓት ሲሞላ ፊታችሁን ወደ ደባርቅ አዙሩ። ጀንበር እስክትጠልቅ አራት ሰዓት ያህል ይቀራችኋል፤ ጎማ ቢተነፍስ፣ ሰው ቢደክም የምታጠፉት ትርፍ ጊዜ እሱ ነው። ከደባርቅ መልስ በመኪና ይሁን። ስልክ የማይሠራበት ቦታ ሊኖር ስለሚችል ከኋላ የሚከተል መኪና ቢኖራችሁ እጅግ ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም ይቀድማል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት መንገዶች ሲዘጉና ሲከፈቱ ቆይተዋል። ስለዚህ ከቀናት በፊትም፣ በዋዜማውም፣ እዚያው ያሉ ሰዎችን ደውላችሁ ጠይቁ። "እርግጠኛ አይደለንም" ካሏችሁ ቅሩ። ተራራው የትም አይሄድም። እስከዚያው ልምምዱን በየሰፈራችሁ ቀጥሉ፤ ለልባችሁ የሚጠቅመው የየሳምንቱ እንቅስቃሴ ነው።

ለጉዞ ጓደኞቻችሁ አጋሩት፤ በተለይ "ሄልሜት ምን ያደርጋል?" ለሚለው። ሰላም ግቡ!