የወታደር የኪስ ሰዓት ምርመራ

የድሮ የወታደር የኪስ ሰዓት መሰብሰብ የሥራ ፈት ጨዋታ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ነገር ግን እውነተኛውን ሰዓት ከተጭበረበረው ለይቶ ማወቅ፣ የብራና ጽሑፍ ከመመርመር የማያንስ ጥንቃቄ ይጠይቃል። እዚህ የምንመለከተው የእንግሊዝ ጦር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት (በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1939 እስከ 1945) ያደለውን ሰዓት ብቻ ነው።

እንግሊዝ በዚያን ጊዜ ለሠራዊቷ የሚበቃ የሰዓት ፋብሪካ ስላልነበራት፣ ሲማን፣ ሄልቬሲያንና ሞኤሪስን ለመሳሰሉ የስዊስ ፋብሪካዎች ትእዛዝ ሰጠች። በጀርባው ክዳን ላይ ጂ.ኤስ.ቲ.ፒ. የሚሉ አራት ፊደላትና ተራ ቍጥር ተቀርጸዋል። (የመጨረሻዎቹን ሁለት ፊደላት አንዳንዱ ሰብሳቢ «የጊዜ መለኪያ»፣ ሌላው «ጊዜያዊ ዓይነት» እያለ ይከራከርባቸዋል።) ከዚህም ጋራ የመንግሥት ንብረት መሆኑን የሚያመለክት የፍላጻ ምልክት አለ። ሁለት ፍላጾች ጫፍ ለጫፍ ተፋጥጠው ከተገኙ፣ ንብረቱ ከአገልግሎት ወጥቶ የተሸጠ ነው ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ፍላጻን ማንም ሊቀርጸው ይችላል። የበለጠው ምስክር የሰዓቱ ፊት ነው። ወታደሩ በጨለማ እንዲያይ በብዙዎቹ ቍጥሮችና አመልካቾች ላይ ራዲየም ያለበት ቀለም ይቀባ ነበር። ቀለሙ የሚያበራው ከራዲየም የሚወጣው ጨረር የዚንክ ሰልፋይድን ቅንጣት ሲመታው ነው። ዚንክ ሰልፋይዱ ከዓመታት በኋላ ይደክማል፤ ራዲየሙ ግን በግማሽ ለመቀነስ 1,600 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ዛሬ በጨለማ ደምቆ የሚያበራ የ1940ዎቹ ሰዓት ቢቀርብልን፣ ቀለሙ በኋላ የተቀባ መሆኑን ልንጠረጥር ይገባል። በአንጻሩ አመልካቾቹ ለብዙ ዘመን በቆሙበት ስፍራ ቡናማ ጥላ ታትሞ ቢገኝ፣ ራዲየሙ ያቃጠለው ነውና አጭበርባሪ በቀላሉ አይሠራውም።

ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል፤ ይህ ምስክር ራሱ ጐጂ ነው። ብርሃኑ ስለ ጠፋ ጉዳቱም የጠፋ መስሏቸው ቀለሙን በምላጭ የሚፍቁ አሉ። በአሜሪካ፣ በኒው ጀርሲ፣ በኦሬንጅ ከተማ እስከ 1920ዎቹ ድረስ የሰዓት ፊት ይቀቡ የነበሩ ሴቶች ብሩሹን በከንፈራቸው ያሾሉ ስለ ነበር፣ ራዲየሙ ወደ አጥንታቸው ገብቶ የብዙዎቹ መንጋጋ ነቀዘ፤ የሞቱም አሉ። መስተዋቱ ደኅና የሆነውን ሰዓት አንሥቶ ማየት ከዚህ ጋራ የሚነጻጸር አይደለም። የሚያስፈራው የተፈረፈረው ዱቄት በትንፋሽ ወይም በአፍ ሲገባ ነው።

አንዳንዶች አሮጌውን ቀለም አስፍቀው በአዲስ ያስቀባሉ። እኛ ይህን አንደግፍም፤ የፋቂውን ጤና ከማስጋቱም በላይ ማስረጃውን ያጠፋልና። ሰዓቱን ሳይከፍቱ ማኖር ይሻላል። ደግሞም ራዲየም ራዶን የተባለ ጋዝ ስለሚያወጣ፣ ብዙ ሰዓት አከማችቶ አየር በማይገባበት መኝታ ቤት ማስቀመጥ አይገባም። መስተዋቱ የተሰበረ እንደ ሆነ፣ ሰዓቱን በፕላስቲክ ከረጢት አሽጎ፣ እጅን ታጥቦ፣ ስለ ራዲየም ለሚያውቅ ሠሪ ማስረከብ ነው።