የተደራረበውን የንግድ መረጃ በሠንጠረዥ ስለ መዘርጋት

ከጅቡቲ ወደብ በመኪና የሚነሣው ጭነት በአዋሽና በመተሐራ በኩል መጥቶ፥ አዳማን አልፎ ሞጆ ደረቅ ወደብ እንደሚራገፍ፤ ከዚያም ወደ አዳማ፥ ወደ መቂ፥ ወደ ባቱና ወደ ሻሸመኔ እንደሚከፋፈል በስምጥ ሸለቆው መሥመር ለሚነግዱ ሁሉ የታወቀ ነው። ዕቃው በኮንቴይነር ታሽጎ ሲመጣ፥ የዕቃው ዝርዝርም በኮምፒዩተር ፋይል ውስጥ ታሽጎ መምጣት ጀምሯል። በ2012 ዓ.ም. የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት ሥራ ከጀመረ ወዲህ፥ የወረቀቱ ጉዳይ ከቀን ወደ ቀን ወደ ኮምፒዩተር እየዞረ ነው። ኮንቴይነር አስከፍቶ ዕቃውን ቈጥሮ መረከብ የለመደው ነጋዴ ግን ፋይሉን ሲከፍት የሚቈጠር ነገር አጥቶ ይቸገራል።

የችግሩ ምክንያት የፋይሉ አሠራር ነው። የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች እርስ በርሳቸው የሚላላኩት መረጃ ባመዛኙ ጄሶን ወይም ኤክስ.ኤም.ኤል. በሚባሉት ዐይነቶች ይጻፋል። እነዚህም መረጃውን በመሶብ ውስጥ እንደ ገባ ሙዳይ አንዱን በሌላው ውስጥ ያስቀምጡታል። አንድ የጭነት ሰነድ በውስጡ ሁለት ኮንቴይነሮችን፥ እያንዳንዱ ኮንቴይነር ካርቶኖችን፥ እያንዳንዱ ካርቶን ልዩ ልዩ ዕቃዎችን ይይዛል። ላኪውም ዘንድ ነገሩ ያው ነው፤ ወደ ውጭ የሚላክ አንድ የቦሎቄ ጭነት በውስጡ ብዙ አቅራቢዎች ያመጡት እህል አለበት።

ሱቅና መጋዘን የሚፈልጉት ግን በረድፍና በዓምድ የተሰመረ ሠንጠረዥ ነው፤ ለአንድ ዕቃ አንድ መሥመር፥ በመሥመሩም ላይ ስሙ፥ ብዛቱ፥ ዋጋውና የመጣበት ኮንቴይነር ቍጥር። ተደራራቢውን ፋይል ወደዚህ ዐይነቱ ሠንጠረዥ መለወጥ መዘርጋት ሊባል ይችላል። ሥራው ቀላል ቢመስልም ኪሳራ የሚያመጣ ስሕተት ያለበት ነው።

ስሕተቱ የሚገባባቸው በሮች

አንድ የአዳማ አስመጪ በአንድ የጭነት ሰነድ አምስት ዐይነት ዕቃ ቢያስመጣ፥ ለጠቅላላው ጭነት የከፈለውም የመጓጓዣ ዋጋ 3,000 ዶላር ቢሆን፥ ይህ ገንዘብ የተጻፈው በሰነዱ ራስ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ፋይሉ ሳይታሰብበት ሲዘረጋ ግን የሰነዱ ራስ በአምስቱም መሥመር ላይ ይደገማል። ዓምዱን የሚደምር ጸሓፊ 15,000 ዶላር ያገኛል። አስመጪው በዚህ ሒሳብ ዋጋ ከተመነ ዕቃው ከገበያ በላይ ሆኖ መደርደሪያ ላይ ያድራል። መደጋገሙን ለማስቀረት ተብሎ ገንዘቡ በመጀመሪያው መሥመር ላይ ብቻ ቢጻፍ ደግሞ፥ አንዱ ዕቃ የሁሉን ዕዳ ይሸከምና የቀሩት አራቱ ከወጪያቸው በታች ይሸጣሉ። ትክክለኛው መንገድ ገንዘቡን በክብደት ወይም በዋጋ መጠን ለየዕቃው ማከፋፈል፥ አለዚያም በሰነዱ ቍጥር የሚገናኝ ሌላ ሠንጠረዥ ላይ ለብቻው ማኖር ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ሁለት ዝርዝሮችን በአንድ ሠንጠረዥ ከማጨቅ ይመጣል። አምስት ዕቃና ሦስት የክፍያ ደረሰኝ ያለው ሰነድ በአንድነት ቢዘረጋ፥ እያንዳንዱ ዕቃ ከእያንዳንዱ ደረሰኝ ጋር ተጣምሮ 15 መሥመር ይወጣል። ሦስተኛው፥ ዕቃው ገና ያልተመዘገበለት ኮንቴይነር በዕቃ መሥመር ሲዘረጋ ጨርሶ ከሠንጠረዡ ይጠፋል፤ የጠፋውንም ማንም ልብ አይለውም።

አራተኛው በዜሮ ላይ የሚደርሰው ነው። በዓለም አቀፉ የዕቃዎች አመዳደብ የቦሎቄና የሌሎች ደረቅ ጥራጥሬዎች ምድብ 0713፥ የቡና 0901፥ ከባቱ አካባቢም የሚላከው የተቈረጠ አበባ 0603 ነው። ሠንጠረዡን የሚከፍተው ፕሮግራም እነዚህን እንደ ተራ ቍጥር ከቈጠራቸው የፊቱን ዜሮ ይጥልና 713፥ 901፥ 603 ያደርጋቸዋል። በዜሮ የሚጀምር የግብር ከፋይ መለያ ቍጥርም እንዲሁ ይጐድላል። ስለዚህ መለያ ቍጥር ሁሉ እንደ ጽሑፍ እንጂ እንደ ሒሳብ ቍጥር መያዝ የለበትም። የአማርኛ ስሞች ያሉበትም ፋይል በዩኒኮድ ሥርዓት ካልተቀመጠና ካልተነበበ ፊደሉ ወደማይነበብ ምልክት ይለወጣል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዚህ ሥርዓት ውስጥ ስለ ገባ፥ ዛሬ ለዚህ ስሕተት ምክንያት የሚሆን ነገር የለም።

የመፍትሔው መሠረት

የመዘርጋት ጥበብ አዲስ አይደለም። የአይ.ቢ.ኤም. ባልደረባ የነበረው ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፍ፥ በመረጃ ውስጥ የተደራረበ መረጃ ሲኖር የውስጠኛው ዝርዝር ራሱን ችሎ ወጥቶ የውጭኛውን መለያ ቍጥር ይዞ እንዲሄድ አስተምሯል። ይህም በንግድ ቋንቋ ሲነገር፥ ካርቶኑ ከኮንቴይነሩ በወጣ ጊዜ የኮንቴይነሩ ቍጥር ይለጠፍበት ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ዝርዝር አንድ ሠንጠረዥ፥ በየሠንጠረዡም ላይ የሰነዱ ቍጥር ካለ፥ የተበተነው ሁሉ ተመልሶ ሊሰበሰብ ይችላል።

ይህን ደንብ በየሳምንቱ በእጅ መፈጸም ግን አድካሚ ነው፤ የደከመ ጸሓፊም ይሳሳታል። ስለዚህ የፕሮግራም ሠሪዎች መሣሪያ ለዚህ ሥራ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1976 በቤል ላቦራቶሪ ስቱዋርት ፌልድማን የሠራው ሜክ የተባለ ፕሮግራም፥ የሥራውን ተራ ከጽሑፍ እያነበበ በየደረጃው የሚፈጽም ነበር። ሜቨንና ግሬድል የሚባሉት የዛሬዎቹ መሣሪያዎች የዚያው ሐሳብ ተከታዮች ናቸው። ፕለጊን የሚባለው ደግሞ በእነዚህ ላይ የሚገጠም ተጨማሪ ክፍል ሲሆን፥ አዲስ ተግባር ያስተምራቸዋል። ተደራራቢ ፋይል የሚዘረጋ ፕለጊን አንድ ጊዜ ከተጻፈ፥ የአዳማውም የሻሸመኔውም ቅርንጫፍ ያንኑ ደንብ ይጠቀማል፤ ጸሓፊው ቢለወጥም ውጤቱ አይለወጥም።

ከዚህም ሌላ ሁለት ጥቅም አለው። በግሬድል በሚገባ የተዘጋጀ ተግባር፥ የሚገባው ፋይል ካልተለወጠ ሥራውን አይደግምም፤ አዲስ የመጣውን ብቻ ይዘረጋል። ሁለተኛውና ዋናው፥ የሰነዱ ጠቅላላ ዋጋና የሠንጠረዡ ድምር ካልተስማሙ ሥራውን በዚያው እንዲያቆም ሊታዘዝ ይችላል። 3,000ው ዶላር 15,000 ሆኖ ወደ ዋጋ ትመና እንዳይሻገር የሚያግደው ይህ ማስተያየት ነው።

መሣሪያው ግን የታዘዘውን እንጂ የታሰበውን አይሠራም። ደንቡ የተሳሳተ ከሆነ ስሕተቱን በፍጥነትና በትጋት ይደግመዋል። ስለዚህ ቀድሞ በእጅ በትክክል የተሠራለት አንድ አሮጌ ሰነድ ለመፈተኛ ሊሰጠውና ውጤቱ ሊመሳከር ይገባል። መነሻው ፋይልም ሳይነካ ለብቻው ሊቀመጥ ያስፈልጋል፤ ክርክር ሲነሣ ምስክር የሚሆነው እርሱ ነው።

በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ትምህርት የቀሰሙ ወጣቶች ባሉበት ከተማ፥ ይህን የሚሠራ ባለሙያ ማግኘት ከባድ አይሆንም። ነጋዴው ፕሮግራም መጻፍ አይጠበቅበትም፤ የሚጠበቅበት ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ነው። በሰነዱ ራስ ላይ ያለው ገንዘብ በየመሥመሩ እንዴት ተከፋፈለ? የገባው ዕቃና የወጣው መሥመር ቍጥራቸው ተስማምቷልን? የመለያ ቍጥሮቹ ዜሮ በቦታው አለን? ኮንቴይነሩን ሳይቈጥር የማይረከብ ነጋዴ ሠንጠረዡንም ሳያመሳክር አይቀበል።