ዕቃ የሞላበትን ክፍል ለእርጥበት ጥገና ማሰናዳት

የዛሬው ንግግራችን በዕብራይስጥ «ረቲቩት» ስለሚባለው የግድግዳ እርጥበት ነው፤ በተለይም ጠጋኙ ከመምጣቱ በፊት አልጋና ቁም ሣጥን ያለበትን ክፍል እንዴት እንደምናሰናዳ እናያለን።

የእርጥበት ጥገና እንደ ቀለም ቅብ ቀላል ሥራ አይደለም። ሠራተኛው የበሰበሰውን ልስን እስከ ብሎኬቱ ድረስ ይፈነቅላል። ግድግዳው ከመሬት ውሃ የሚስብ ከሆነ ብዙውን ጊዜ እስከ አንድ ሜትር ከፍታ ይላጣል፤ ግርጌውም ተበስቶ ውሃ የሚያግድ ፈሳሽ ይገባበታል። አቧራው ደግሞ በተዘጋ በር ሥር ሳይቀር ያልፋል።

ስለዚህ አስቀድሞ የውሃው ምንጭ ይታወቅ። ከተሰነጠቀ ቧንቧ፣ ከዝናብ፣ ከመሬት ወይም ከትንፋሻችንና ከድስቱ እንፋሎት ሊመጣ ይችላል። ቁም ሣጥን ከቀዝቃዛ የውጭ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ሲቆም ከጀርባው አየር አይዘዋወርምና ይሻግታል። እንዲህ ያለው ግድግዳ መፈንቀል ላያስፈልገው ይችላል፤ ዕቃውን ማራቅና መስኮት መክፈት ይጠቅመዋል።

ዕቃው ሲነሣ የሚታየውን ሁሉ ፎቶግራፍ አንሡ። አንዳንድ እናቶቻችን እንግዳ እንዳያየው ሻጋታውን በመጋረጃ ይሸፍኑታል፤ ነገር ግን የቤት ችግር እንጂ ነውር አይደለም። ቤቱን ከግል ባለቤት ለተከራየ ሰው ፎቶው ማስረጃ ነው። በ2017 የወጣው የኪራይ ሕግ ባለቤቱ ጉድለቱን ከተነገረው በኋላ ቢዘገይ በ30 ቀን፣ መኖር የማያስችል አስቸኳይ ጉድለት ከሆነ በ3 ቀን ውስጥ እንዲጠግን ያዛል፤ የጉድለቱ መንስኤ የተከራዩ ያልተገባ አያያዝ ከሆነ ግን ይለያል። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አቅርቡ።

ከዚያ ወደ ዕቃው። ክፍሉን ባዶ ማድረግ ከሁሉ ይሻላል። የማይቻል ከሆነ ዕቃውን ወደ መካከል ሰብስቡና ሠራተኛው መሣሪያ ይዞ የሚቆምበት አንድ ሜትር ያህል ከግድግዳው ይራቅ። በናይሎን ሸፍናችሁ ጠርዙን በፕላስተር አጣብቁ። ጋቢና ልብስ እርጥብ ሆኖ በናይሎን አይታሠር፤ እዚያው ይሻግታልና አስቀድሞ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። መታወቂያ፣ መድኃኒትና የቤተሰብ ፎቶግራፍ በአንድ ቦርሳ ከክፍሉ ይውጡ። አስም ያለበት ልጅ በእነዚያ ቀናት ሌላ ቤት ቢያድር ይመረጣል። ሻጋታውን ራሳችሁ የምትጠርጉ ከሆነም ኤኮኖሚካን ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር አትደባልቁ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

የወጣውን ዕቃ የት እናድርገው? ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ማማድ ነው። በ1992 ከወጣው ደንብ ወዲህ በተሠሩት ቤቶች ያለው ይህ ክፍል ግን ሲሪን ሲጮህ ቤተሰቡ ሁሉ የሚገባበት ነው። ፍራሽና ሶፋ ከተቆለለበት፣ ወይም የብረት በሩ ካልተዘጋ፣ በዚያች ሰዓት አይጠቅምም። ደረጃውም እንዲሁ፤ ወደ መጠለያ የሚወርዱ ጎረቤቶች መንገድ አይዘጋባቸው። ዕቃውን በየክፍሉ አከፋፍሉት፣ ወይም ከዘመድ ቤት አሳድሩት።

ሥራው ሲያልቅ ቁም ሣጥኑን በዚያው ቀን ወደ ግድግዳው አትመልሱ። አዲስ ልስን እስኪደርቅ ሳምንታት ይፈጃል፤ በክረምት ደግሞ ይዘገያል። «ነገ ቀለም ቀብቼ ልጨርስላችሁ» የሚል ሠራተኛ ካለ፣ ልስኑ ሳይደርቅ የተቀባ ቀለም ተመልሶ ይላጣልና እንዲጠብቅ ንገሩት። የመጨረሻውን ክፍያም እስከዚያ ለማቆየት ከመጀመሪያው ተስማሙ።