የጉበት ሕመምተኛ ምግብና የመኝታ ቁስል

የመኝታ ቁስል ለረጅም ጊዜ ሳይገላበጥ በተኛ ሕመምተኛ መቀመጫ፣ ዳሌ ወይም ተረከዝ ላይ የሚወጣ ቁስል ነው። ቆዳው በአጥንትና በአልጋ መካከል ሲጫን የደም ሥሮች ይጨፈለቃሉ፤ ደም ያልደረሰው ሥጋም ይሞታል። ሕመምተኛውን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥና ቁስሉን በንጽሕና መጠበቅ የግድ ነው። ይሁን እንጂ የሞተውን ሥጋ የሚተካው አዲስ ሥጋ ከምግብ እንጂ ከሌላ አይገኝም።

የጉበት ሕመምተኛ በዚህ ቁስል ይበልጥ ይጠቃል። አልቡሚን የተባለውን የደም ፕሮቲን የሚሠራው ጉበት ነው። ጉበት ሲደክም አልቡሚን ያንሳል፤ ከዚህም የተነሣ ውሃ ከደም ሥር እየወጣ በሆድና በእግር ይጠራቀማል። ያበጠ ቆዳ ፈጥኖ ይቈስላል፤ ቶሎም አይድንም።

አስታማሚዎች ብዙ ጊዜ «ጉበቱን እንዳይከብደው» በማለት ሕመምተኛውን ሥጋ፣ ዓሣና ዕንቁላል ይከለክሉታል። ቀድሞ ሐኪሞችም ከፕሮቲን የሚወጣው አሞኒያ አእምሮን ያደነዝዛል ብለው ይቀንሱበት ነበር። ዛሬ ግን ይህ ምክር ተለውጧል። ፕሮቲን የተነፈገ ሰው ጡንቻው ይመነምናል፤ አሞኒያን ከደም የሚያስወግደው ደግሞ አንዱ ጡንቻ ነው። ስለዚህ በውሃ ያበጠው ሳይጨመር፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት በቀን ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ይመከራል። ይህም 50 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው ከ60 እስከ 75 ግራም ማለት ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለመረዳት ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን፣ በአባያ ሐይቅ አቅራቢያ የምትገኘውን ጫኖን እንመልከት። ጫኖ የሙዝና የማንጎ አገር ናት። ሙዝ ኀይል ሰጪ ምግብ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ሙዝ ውስጥ ያለው ፕሮቲን 1 ግራም ያህል ብቻ ነው። አንድ ዕንቁላል ግን 6 ግራም፣ መቶ ግራም የቆሮሶ ሥጋ ደግሞ 20 ግራም ያህል ይሰጣል። እንግዲህ ሐይቁ አጠገብ ተኝቶ በሙዝና በቀጭን ሾርባ ብቻ የሚታመም ሰው ቁስሉ ባይሽር ሊያስደንቅ አይገባም። ዓሣው ግን በሚገባ የበሰለ ይሁን። ሆዱ ውሃ ለቋጠረ ሰው ጨው ይቀነስለት። ሥጋና ዓሣ ለማይበላም ሆነ አእምሮው ለሚደነግርበት ሰው ምስር፣ ባቄላና ሽምብራ መልካም ምትክ ናቸው። በአካባቢው ሀለኮ የሚባለው የሽፈራው ቅጠል ከምግቡ ጋር ቢቀርብ፣ ማንጎና ፓፓያም ቢጨመሩ፣ ቁስልን ለማዳን የሚረዱ ቪታሚኖች ይገኛሉ።

ሰዓቱም እንደ መጠኑ ሊታሰብበት ይገባል። ጤነኛ ጉበት ለሌሊት የሚሆን ስኳር በጎተራ እንዳለ እህል ያከማቻል፤ የታመመው ግን ጎተራው ባዶ ነው። ስለዚህ አንድ ሌሊት ሳይበላ ያደረ የጉበት ሕመምተኛ ሰውነት፣ ሁለትና ሦስት ቀን እንደ ጾመ ጤነኛ ሰው የራሱን ጡንቻ እያፈረሰ ይቃጠላል። ምግቡ በጥቂት በጥቂቱ በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ ይሰጠው፤ ከመተኛቱም በፊት ሙዝ ከወተት ወይም ዳቦ ይቅመስ። የጫኖ ሙዝ ዋና ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

በጠቅላላው የጉበት ሕመምተኛ የሚጎዳው ገንቢ ምግብ በመብላቱ ሳይሆን በመከልከሉ ነው። መጠኑንና ዓይነቱን ሐኪሙ ይወስናል፤ በየሰዓቱ ማጉረስ ግን የአስታማሚው ድርሻ ነው።