ምርቃናና ኪኒን

ከአወዳይ ተጭኖ በጅጅጋ በኩል ወደ ሶማሌላንድ የሚወርደውን ጫት የማያውቅ የለም። እስከ ሀርሺን ድረስ ባሉት የድንበር ከተሞች ለሚቅም ሰው ከሰዓት በኋላው የምርቃና ነው፤ ማግሥቱ ደግሞ የድብርት። ይህን ያነሳሁት ጫትን ለመኮነን አይደለም (ያንን ሌሎች ደህና አድርገው ይዘውታል)። የድብርት ሕመም እንዴት እንደሚታከም ለማስረዳት ከዚህ የቀለለ መነሻ ስላጣሁ ነው።

የአንጎል ሴሎች በአብዛኛው እርስ በርስ አይነካኩም። ሳይናፕስ በሚባለው መገናኛቸው ላይ እጅግ ጠባብ ክፍተት አለ፤ መልእክቱ የሚሻገረው በኬሚካል ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ዶፓሚን የተባለውን ኬሚካል ከማከማቻው ገፍቶ ያወጣል። ደስታው የሚፈጥነው ከተቀማጭ ወጪ ስለሚደረግ ነው።

የድብርት ሕመም ከጫት ማግሥት ስሜት ይለያል፤ እንቅልፍን፣ የምግብ ፍላጎትንና ተስፋን ለሳምንታት ይነጥቃል። ለዚህ የሚታዘዘው ፍሉኦክሰቲን፣ ሴሮቶኒን የተባለው ኬሚካል ወደመጣበት ሴል ቶሎ እንዳይመለስ ያግዳል። እገዳው በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል። በሽተኛው ግን የሚሻለው ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ ቆይቶ ነው። ነገሩ የኬሚካል ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ለምን ይቆያል?

የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ለአይጦች ኬታሚን ሰጥተው በአንድ ቀን ውስጥ አዳዲስ ሳይናፕሶች መብቀላቸውን አሳዩ። በ2019 ደግሞ ሕመሙ በጠናባቸው ሰዎች አንጎል ውስጥ የሳይናፕስ መሳሳት ምልክት በምስል አገኙ። ስለዚህ ብዙዎች እንደሚያምኑት የሚዘገየው የላላው ግንኙነት ጥገና ነው። ኬታሚን በአገራችን ሆስፒታሎች የቆየ ማደንዘዣ ነው፤ ድብርትን በሰዓታት ቢያቃልልም ውጤቱ ቶሎ ይጠፋል፣ ያለ ሐኪም ክትትልም አይሰጥም። ለአብዛኛው ሰው የቀረው ዘገምተኛው ኪኒን ነው።

አሁን ፍየል ሸጦ ከሀርሺን ጅጅጋ የመጣ አንድ አርብቶ አደር እናስብ። በመጀመሪያው ሳምንት የሚያገኘው ማቅለሽለሽ ነው፤ ምርቃናን የሚያውቅ ሰው መድኃኒቱን የማይሠራ ብሎ ቢጥለው አይፈረድበትም። "ለሳምንታት ለውጥ ላታይ ትችላለህ፣ አታቋርጥ" የሚለውን በሶማሊኛ ካልሰማ ተስማምቶ ታከመ ለማለት እኔ የሕግ ሰው ይከብደኛል። የሚቀጥለው ቀጠሮም ለሌላ ፍየል ሽያጭ የሚዳርገው ጅጅጋ ሳይሆን፣ ለቤቱ በሚቀርበው ጤና ጣቢያ፣ በሠለጠነ ጤና መኮንን ዘንድ ሊሆን ይገባል።